አክስቴ የማታውቀው መርከብ ዋሱ ማነው?

ባለፈው ወር አንድ ማታ፣ መብራት ጠፍቶ ስልኬ 14 በመቶ ላይ እያለ፣ አክስቴ ከሜሪላንድ በቴሌግራም ስክሪንሾት ላከችልኝ። ግዙፍ ነጭ መርከብ፣ አናቱ ላይ የሚጠማዘዝ የውሃ መንሸራተቻ፣ ከሥሩ ደግሞ በቀይ የተጻፈ ዋጋ። ወዲያው የድምፅ መልእክት ተከተለ።

«ስሚ የኔ ቆንጆ፣ አንቺ ኢኮኖሚክስ አይደል የተማርሽው? ይሄን ነገር እይልኝ እስቲ። ዋጋው ርካሽ ነው። ግን ኩባንያውን አላውቀውም። ገንዘቤን እንዳይበሉኝ።»

እውነቱን ልንገራችሁ፣ እኔ ባሕር አይቼ አላውቅም። የተሳፈርኩበት ትልቁ «መርከብ» ከባሕር ዳር ወደ ዘጌ የሚወስደው የጣና ጀልባ ነው፤ እሱንም ግማሹን መንገድ ዓይኔን ጨፍኜ ነው የሄድኩት። በእኛ ቤት ግን ኢኮኖሚክስ የተማረ ሰው ዶላር መቼ እንደሚወርድ፣ የትኛው ሪል ስቴት እንደሚያዋጣ፣ ሽንኩርት ለምን እንደተወደደ ማወቅ አለበት። መርከብ ቢጨመርበት ምን አለበት?

ነገሩ ግን ቀልድ አልነበረም። አክስቴ የምትሠራው አረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ ነው፤ ቅዳሜና እሑድም ተጨማሪ ሺፍት ትገባለች። በየሁለት ሦስት ዓመቱ ከዕቁብ ጓደኞቿ ጋር ከባልቲሞር ወደብ በካርኒቫል መርከብ ወጣ ትላለች። ከዚያ ውጪ ዕረፍት የምትለው ነገር የላትም። ዘንድሮ 60 ዓመት ይሞላታል፤ የዕቁብ ዕጣም ወጥቶላታል። በዚያ ገንዘብ ባሏን፣ ሴት ልጇንና አያቴን ይዛ አንድ ሳምንት ባሕር ላይ ለማሳለፍ አስባለች። አያቴ 81 ዓመታቸው ነው። «እማማ ባሕር ሳያዩ እንዳያልፉ» ነው የምትለው። እናም ጉዞው ከተበላሸ «በሚቀጥለው ዓመት እንሞክራለን» የሚባል ዓይነት አይደለም።

የሰፈራችን ኮንቴይነር

ስክሪንሾቱን አጉልቼ ሳየው ሳቄ መጣ። የመርከቡ ጎን ላይ የተጻፈው ኤም.ኤስ.ሲ የሚል ነው።

«እትዬ፣ ይሄንንማ እኔ አውቀዋለሁ» አልኳት።

እናንተም ታውቁታላችሁ። ከጅቡቲ ወደ ሞጆ ደረቅ ወደብ የሚመጡ ተሳቢዎችን አስተውላችሁ ከሆነ፣ ብዙዎቹ ኮንቴይነሮች ላይ እነዚያው ሦስት ፊደላት አሉ። አዲስ አበባ ውስጥ ሱቅ ወይም ፀጉር ቤት የሆኑ ኮንቴይነሮች ላይም ቀለሙ ሲላጥ ከሥር ብቅ ይላሉ። ኤም.ኤስ.ሲ እ.ኤ.አ. በ1970 የተመሠረተ፣ ዋና መሥሪያ ቤቱ ጄኔቫ የሆነ የጭነት መርከብ ኩባንያ ነው። ከ2022 ጀምሮ ደግሞ በኮንቴይነር የመጫን አቅም ከዓለም አንደኛ ነው። የመዝናኛ መርከቦቹም የዚሁ ቡድን ናቸው። አውሮፓ ውስጥ ስሙ የቆየ ነው፤ በአሜሪካ መንገደኞች ዘንድ ግን ገና ራሱን እያስተዋወቀ ነው። አክስቴ የላከችልኝ «ወርልድ አሜሪካ» የተባለው መርከብ ሚያሚ ሥራ የጀመረው በ2025 ነው። ርዝመቱ 333 ሜትር ሲሆን፣ ሙሉ በሙሉ ሲሞላ ከ6,700 በላይ መንገደኛ ይይዛል።

ተመልከቱ እንግዲህ። አሜሪካ 20 ዓመት የኖረችው አክስቴ የማታውቀውን ስም፣ ባሕር የሌለው አገር ውስጥ ያለሁት እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ ሳነበው ኖሬአለሁ። «አላውቀውም» የሚለው ቃል ስለ እኛ እንጂ ስለ ኩባንያው ብዙም አይናገርም።

ግን እኔም ቸኩዬ ነበር። የኮንቴይነሩን ስም ማወቄ ስለ አልጋው፣ ስለ ምግቡና ስለ ተመላሽ ገንዘቡ ምን ይነግረኛል? ምንም። ስሙን ማወቅ ሌላ፣ ማመን ሌላ።

የታወቀ ስምም ይሰምጣል

አክስቴ የምታምነው ካርኒቫል ራሱ አንድ ወቅት ማንም የማያውቀው ኩባንያ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1972 «ማርዲ ግራ» የተባለው የመጀመሪያ መርከቡ ከሚያሚ ሲነሣ፣ ገና ከወደቡ ብዙም ሳይርቅ አሸዋ ላይ ተቀመጠ። ያውም በመቶዎች የሚቆጠሩ የጉዞ ወኪሎችን ጭኖ! ደንበኛ ያመጡልኛል ብሎ የጋበዛቸው ሰዎች ፊት ማለት ነው። ያን ቀን «ይሄ ኩባንያ የትም አይደርስም» ያለ ሰው አይፈረድበትም። ዛሬ ያ ኩባንያ ካደገበት የካርኒቫል ቡድን ሥር ፕሪንሰስ፣ ሆላንድ አሜሪካ፣ ኮስታና ሌሎችም አሉ።

በተቃራኒው ደግሞ ክሪስታልን እንውሰድ። በቅንጦቱ ለዓመታት ስሙ የገነነ ነበር። በጥር 2022 እናት ኩባንያው ተንኮታኮተ። «ክሪስታል ሲምፎኒ» የተባለው መርከብ መንገደኞቹን ይዞ ወደ ሚያሚ እየተመለሰ ሳለ፣ ባልተከፈለ የነዳጅ ዕዳ ምክንያት ሚያሚ ሲደርስ እንዲያዝ የፍርድ ቤት ትእዛዝ ወጣበት። መርከቡ ምን አደረገ? አቅጣጫውን ቀይሮ ባሃማስ፣ ቢሚኒ ደሴት ላይ ቆመ። መንገደኞቹ በሌላ ጀልባ ወደ ፍሎሪዳ ተወሰዱ። በኋላ ስሙን ሌሎች ባለሀብቶች ገዝተውት መርከቦቹ በ2023 ወደ ሥራ ተመልሰዋል። ትምህርቱ ግን ይቀራል፦ ስም ብቻውን ዋስ አይሆንም።

እኔም ተበልቻለሁ

ይሄን ሁሉ ለአክስቴ ስተርክ፣ የራሴን ጉድ ደብቄ ነበር። ለእናንተ ልንገራችሁ።

ከሁለት ዓመት በፊት አንድ የቴሌግራም ቻናል የአርባ ምንጭ ጉዞ አስተዋወቀ። ስሙን አልጠቅስም። ተከታዩ ብዙ፣ ፎቶው የሚያምር፣ ዋጋው ደግሞ ከሌሎቹ ቀነስ ያለ ነው። «ግማሽ ክፍያ» ተብሎ 3,500 ብር በሞባይል ላክኩ። ሐሙስ ማታ ግሩፑ ላይ መጻፍ ተከለከለ። ዓርብ ቻናሉ ራሱ ጠፋ። እኔ ግን ምናልባት ብዬ ቅዳሜ ንጋት 11 ሰዓት ቦርሳዬን አዝዬ መስቀል አደባባይ ተገኘሁ። እንደኔ «ምናልባት» ያሉ ሌሎች ስድስት ሰዎች ነበሩ። እየተያየን በሀፍረት ሳቅን፤ ቡና ጠጥተን ተለያየን።

ያበሳጨኝ ብሩ ብቻ አልነበረም። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ይሄንኑ ጉዳይ ተምሬ፣ ተፈትኜ፣ ጥሩ ውጤት አምጥቼበታለሁ! ጆርጅ አከርሎፍ የተባለ ኢኮኖሚስት እ.ኤ.አ. በ1970 ስለ ያገለገሉ መኪኖች ገበያ ጽፏል። ሻጩ መኪናው ምን እንደሆነ ያውቃል፤ ገዢው አያውቅም። ገዢው ጥሩውን ከብልሹው መለየት ስላልቻለ ለሁሉም ዝቅ ያለ ዋጋ ብቻ ያቀርባል። ያኔ ጥሩ መኪና ያለው ሰው «በዚህ ዋጋማ አልሸጥም» ብሎ ይወጣል፤ ገበያው ለብልሹዎቹ ይቀራል። ሰውዬው በዚህ ሥራው በ2001 የኖቤል ሽልማት ተጋርቷል። በዚያው ጽሑፍ ችግሩን የሚያቃልሉ ብሎ ከጠቀሳቸው ነገሮች ሁለቱ የሻጭ ዋስትናና የታወቀ ስም ናቸው።

ይሄን ለአክስቴ በስልክ ሳስረዳት ዝም ብላ ሰማችኝና ሳቀች።

«ይሄንንማ ዕቁባችን ያውቀዋል እኮ። ዕጣ ቀድሞ የወጣለት ሰው ገንዘቡን ከመውሰዱ በፊት ዋስ ይጠራል። ምክንያቱም ብሩን አስቀድሞ ወስዷል፣ ዕዳው ግን ገና ነው።»

ስልኩን ከጆሮዬ አንሥቼ አየሁት። አራት ዓመት የተማርኩትን ሴትየዋ በአንድ ትንፋሽ ጨረሰችው። የመርከብ ኩባንያም ያው ነው፤ መጀመሪያ ዕጣ የደረሰው የዕቁብ አባል ማለት ነው። ብሩን ዛሬ ይወስዳል፤ መርከቡን የምናየው ከወራት በኋላ ነው። ስለዚህ ጥያቄው «አውቀዋለሁ ወይ?» ሳይሆን «ዋሱ ማነው?» ነው። ከዚያ በኋላ ሁለታችንም በየስልካችን ዋስ ፍለጋ ገባን። አምስት አገኘን።

አንደኛ፣ ዕቃው ራሱ። መርከቡ አለ ወይ? የኩባንያው ነው ወይ? ጥያቄው የሞኝ ይመስላል፤ ግን አይደለም። በ2023 «ላይፍ አት ሲ» የተባለ ድርጅት ዓለምን ለሦስት ዓመት የሚዞር ጉዞ ሸጠ። ሰዎች ቤታቸውን ሸጠው፣ ዕቃቸውን አስረው ተዘጋጁ። ድርጅቱ ሊገዛው ያሰበውን መርከብ ግን መጨረሻ ላይ ሌላ ኩባንያ ገዛው፤ ጉዞው በኅዳር ወር ተሰረዘ። በቀጣዩ ዓመት «ቪላ ቪ» የተባለ ሌላ ኩባንያ ተመሳሳይ ረጅም ጉዞ ይዞ መጣ። የእሱ መርከብ እውነተኛ ነበር፤ ግን እ.ኤ.አ. በ1993 የተሠራ አሮጌ ስለሆነ ለጥገና ቤልፋስት ወደብ ላይ አራት ወር ያህል ቆሞ ነው የተነሣው። አንዱ ዘገየ፣ አንዱ አልነበረም። የአክስቴ መርከብ ግን በየሳምንቱ ከሚያሚ ሰው ጭኖ የሚወጣ ነው። ይሄን ፈተና አለፈ።

ሁለተኛ፣ የአከፋፈሉ መንገድ። በአሜሪካ በክሬዲት ካርድ የከፈለ ሰው አገልግሎቱ ካልተሰጠው ክፍያውን በባንኩ በኩል የመቃወም መብት አለው። በዜል ወይም በቀጥታ ማስተላለፊያ የተላከ ገንዘብ ግን ልክ እንደ እኔ 3,500 ብር ነው፤ ከሄደ ሄደ። አክስቴ «የዕቁቡ ብር ካሽ ስለሆነ ለኤጀንቱ ካሽ ልስጠው?» ብላ ነበር። «በጭራሽ!» አልኳት። ካሹን ባንክ አስገቢ፣ በካርድ ክፈዪ፣ የካርዱን ዕዳ በዚያው ሳምንት ዝጊ።

ሦስተኛ፣ መንግሥት የሚጠይቀው ዋስትና። ከአሜሪካ ወደቦች መንገደኛ የሚጭኑ፣ 50 እና ከዚያ በላይ መኝታ ያላቸው መርከቦች ጉዞው ቢቀር የመንገደኛውን ገንዘብ ለመመለስ አቅም እንዳላቸው ለፌዴራል ማሪታይም ኮሚሽን ማሳየት አለባቸው። የገንዘቡ መጠን ጣሪያ ስላለው ትልቅ ኩባንያ ቢወድቅ ለሁሉም ሰው ሙሉ በሙሉ ላይበቃ ይችላል። ቢሆንም ከምንም ይሻላል። የቀረውን ክፍተት የሚሸፍነው ኢንሹራንስ ነው። እሱም ቢሆን ከራሱ ከመርከብ ኩባንያው ሳይሆን ከሌላ ቢገዛ ይመረጣል፤ ዋስና ተበዳሪ አንድ ሰው ሲሆኑ ዋስነቱ ምን ላይ ነው?

አራተኛ፣ ንጽሕናው። የአሜሪካ የበሽታ መከላከያ ማዕከል፣ ሲዲሲ፣ መርከቦችን ሳይነግር ገብቶ ይፈትሽና ከ100 ነጥብ ይሰጣል። 85 እና ከዚያ በታች ያገኘ ወድቋል። ውጤቱ በመርከቡ ስም ኦንላይን ስለሚወጣ ማንም ሰው በስልኩ ማየት ይችላል። ለ81 ዓመት ሰው ከውሃ መንሸራተቻው ይልቅ ይሄ ቁጥር ይበልጣል።

አምስተኛው ዋስ ደግሞ እኛው ነን፤ ወረቀታችንን ማየት። አያቴ ግሪን ካርድ አላቸው፤ ፓስፖርታቸው ግን የኢትዮጵያ ነው። አሜሪካዊ ዜጋ ስለሆነ ሰው የተጻፈ ምክር ለእሳቸው አይሠራም። መርከቡ የሚቆምበት እያንዳንዱ አገር ለኢትዮጵያ ፓስፖርትና ለግሪን ካርድ ምን እንደሚጠይቅ ለየብቻው መጣራት አለበት። ወረቀት ጎድሎት ወደቡ ላይ የሚቀር መንገደኛ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ገንዘቡ አይመለስለትም። አዲስም ሆነ ነባር ኩባንያ፣ እዚህ ላይ ልዩነት የለም።

ርካሹ ሲወደድ

እንግዲህ ኤም.ኤስ.ሲ ዋሶቹን በደንብ አቀረበ። አክስቴም ልቧ ሸፈተ። እንዲያውም በካርኒቫል ያጠራቀመችው የደንበኝነት ደረጃ እንዳይቀርባት ስትሰጋ፣ ኤም.ኤስ.ሲ የሌሎች ኩባንያዎችን ደረጃ አይቶ በራሱ ተመጣጣኝ ደረጃ የሚሰጥበት አሠራር እንዳለው አገኘን። ለመቀየር የምትፈሩትን ነገር ኩባንያው ራሱ ሲያቀልላችሁ ማለት ነው።

ከዚያ ሒሳቡን በስልኬ ካልኩሌተር መታሁት። ለማስላት እንዲመች ቁጥሮቹን ክብ አድርጌአለሁ። አዲሱ በሰው 700 ዶላር፣ የለመደችው 850 ዶላር እንበል። ለአራት ሰው 2,800 እና 3,400። አዲሱ በ600 ዶላር ይረክሳል። እሰይ!

ግን አዲሱ የሚነሣው ከሚያሚ ነው። ከሜሪላንድ አራት የደርሶ መልስ የአውሮፕላን ትኬት፣ እያንዳንዱ 180 ቢሆን 720 ዶላር። በረራ ቢዘገይ መርከብ አይጠብቅም፤ ስለዚህ አንድ ቀን ቀድሞ ሄዶ ማደር ግድ ነው። ሁለት ክፍል 300 ዶላር። ባጠቃላይ 3,820 ሆነ። ባልቲሞር ግን ከቤታቸው በመኪና አንድ ሰዓት ገደማ ነው። ለፓርኪንግና ለቤንዚን 120 ብንል 3,520። ርካሹ በ300 ዶላር ተወደደ!

የመርከቡ ሠራተኞች ጉርሻም አለ። ሁለቱም ዘንድ በቀንና በሰው ተሰልቶ ሒሳቡ ላይ ይጨመራል። በቀን 16 ዶላር እንኳን ብንይዝ፣ ለአራት ሰው በሰባት ቀን 448 ዶላር ይመጣል። በቀይ የተጻፈው ዋጋ ውስጥ ይሄ ሁሉ የለም።

«እና ምን ትያለሽ?» አለች አክስቴ።

ሒሳቡ ወደ ባልቲሞር ያደላል። ግን አክስቴ አዲሱን መርከብ ማየት ትፈልጋለች፤ ከድምፅዋ ያስታውቃል። ሰው ሁልጊዜ የለመደውን ብቻ ከመረጠ አዲስ ነገር መቼ ያያል? ካርኒቫልም ያኔ አሸዋ ላይ ሲቀመጥ የሞከረው ሰው ባይኖር ዛሬ አይኖርም ነበር።

ነገሩን የጨረሱት አያቴ ናቸው። ቪዲዮ ኮል ላይ አክስቴ ሁለቱንም መርከብ እያገላበጠች አሳየቻቸው። መነጽራቸውን አስተካክለው አዩ። መጀመሪያ የጠየቁት «ረቡዕና ዓርብ የጾም ምግብ አለ?» ብለው ነው። አለ፤ ሥጋ፣ ወተትና እንቁላል የሌለበት ምግብ አስቀድሞ ማስመዝገብ ነው እንጂ በሁለቱም ችግር የለም ተባሉ። ቀጥለው፣

«ባሕሩስ ያው አንድ አይደል እንዴ?» አሉ።

«አዎ እማማ፣ አንድ ነው።»

«እንግዲያው ከቅርቡ ተሳፈሩ።»

እናም የልደቱ ጉዞ ከባልቲሞር፣ በለመደችው መርከብ ሆነ። አዲሱ ግን አልተጣለም። አክስቴና አንዲት የዕቁብ ጓደኛዋ በሚቀጥለው ዓመት ለሦስት ወይም ለአራት ሌሊት ብቻ ሊሞክሩት ተስማምተዋል። ቢያስጠላቸው የሚያጡት ጥቂት ቀንና ጥቂት ዶላር ነው፤ ለወራት ግን የሚስቁበት ወሬ ይዘው ይመለሳሉ። ደስ ካላቸው ደግሞ ቤተሰቡ ይከተላል።

እኔ ከዚህ ሁሉ የያዝኩት ሁለት ጥያቄ ነው። የማላውቀው ሰው ብሬን አስቀድሞ ሲጠይቀኝ ዋሱ ማነው? ነገሩ ከተበላሸስ ቀኑ ይደገማል ወይ? የሚደገም ቀን ከሆነ እሞክራለሁ። የአያቴ የመጀመሪያ ባሕር ግን አይደገምም።

ትናንት አክስቴ የመያዣውን ደረሰኝ ስክሪንሾት ላከችልኝ። በካርድ ነው የከፈለችው። ከሥሩም እንዲህ የሚል መልእክት ነበረ፦ «የዚያ የአርባ ምንጩ ልጅ ብርሽን መለሰ?»

እናቴ ነግራት ኖሯል።